«ዳኛ ሲገኝ ተናገር»፦ ስለ አንድ ዘጋቢ ፊልምና ስለ ዩኒቨርሲቲ የአቤቱታ በር

አንድን ሥራ የሚሔስ ሰው ሁለት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል። አንደኛው ሥራው ያሳየው ነገር ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሊያሳየን ሲገባው ሳያሳየን ያለፈው ነገር ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ያየ ሂስ ወደ ውዳሴ ያዘነብላል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያየ ደግሞ ወደ ነቀፌታ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ዘጋቢ ፊልም ስላሳየው ነገር ብዙ ምስጋና አግኝቷል፤ ምስጋናውም የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ለእኛ ለመምህራንና ለተማሪዎች ይበልጥ የሚጠቅመን ፊልሙ ያለፈውን ነገር አንሥቶ መወያየት ሆኖ አግኝተነዋል።

የፊልሙ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወሲብ ለውጤት» ማለት ነው። ያዘጋጀው የቢ.ቢ.ሲ. የምርመራ ክፍል የሆነው «አፍሪካ አይ» ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው በኦክቶበር 2019 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ነገሩ የሚፈጸመው በሁለት ታላላቅ የምዕራብ አፍሪካ የትምህርት ተቋሞች፣ ማለትም በሌጎስ ዩኒቨርሲቲና አክራ በሚገኘው በጋና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው።

ሌጎስና አክራ ከጅቡቲ ከተማ ሩቅ ናቸው። ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም። በዚህች ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚጨርስ ወጣት ፊቱን የሚያዞርባቸው አቅጣጫዎች የታወቁ ናቸው። አንዱ በ2006 የተቋቋመው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሁለተኛው የባቡሩን መስመር ተከትሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች መሄድ ነው፤ ሦስተኛው ባሕር ተሻግሮ ወደ ፈረንሳይ መዝለቅ ነው። በየትኛውም ቢሄድ የሚያጋጥመው አንድ ነገር አለ። ይኸውም የወደፊት ኑሮው የሚወሰንበትን ማርክ የሚሰጥ አንድ ሰው፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ቢሮ፣ ጉዳት ቢደርስበት ደግሞ ሊያንኳኳው የሚገባ አንድ ሌላ በር ነው። ፊልሙ ስለ መጀመሪያው በር ነው። እኛ የምንጠይቀው ስለ ሁለተኛው በር ነው።

ፊልሙ የተሳካለት

ተራኪዋ ናይጄሪያዊቷ ጋዜጠኛ ኪኪ ሞርዲ ናት። ነገሩን ከውጭ ሆና የምትመለከት ዘጋቢ አይደለችም። እርሷ ራሷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች፣ ጥያቄውን እምቢ ያለችው መምህር ውጤቷን ስለያዘባት ትምህርቷን አቋርጣ የወጣች ናት። በፊልሙ ውስጥ ወጣት ሴቶች ጋዜጠኞች ተማሪ መስለው ወደ ሁለቱ ተቋሞች ይገባሉ፤ ስውር ካሜራ ይይዛሉ፤ ከመምህራኑ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ይቀረጻል። ጉዳት የደረሰባቸው ተማሪዎችም ማንነታቸው ተሸፍኖ ቃላቸውን ይሰጣሉ።

ከሁሉ ይልቅ በተመልካች አእምሮ የሚቀረው በሌጎስ የተቀረጸው ክፍል ነው። አንዲት ጋዜጠኛ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት እፈልጋለሁ ብላ ወደ አንድ መምህር ትሄዳለች። ሰውዬው የሃይማኖት ሰባኪም ነው። ንግግሩ የሚጀምረው በኃይል አይደለም። በምክርና በአባትነት ቃል ይጀምራል፤ ቀጥሎ ስለ መልኳ ይነሣል፤ ቀን እየጨመረ ሲሄድ መብራት እስከማስጠፋትና በር እስከመዝጋት ይደርሳል። ተመልካቹ «ይህ ሰው መቼ ነው ድንበሩን ያለፈው?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ አንድ ነጥብ ለይቶ ማስቀመጥ ይቸግረዋል። የፊልሙ አንደኛ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። ግዴታው እንደ ውለታ ተሸፋፍኖ እንደሚመጣ በግልጽ ያሳያል። ተማሪዋ «እምቢ» ለማለት የምትችልበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ሰዓቱ ያልፋል።

ሁለተኛው ብልጫው ነገሩን ከባሕርይ ድክመት አውጥቶ ከሥልጣን ጋር ማያያዙ ነው። በቢሮው ውስጥ ያሉት ሁለት እኩል ሰዎች አይደሉም። አንደኛው ማርክ ይሰጣል፣ ስም ከዝርዝር ያስገባል፣ ይሰርዛል፤ ሌላዋ ትጠብቃለች። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የተቆለፈው በር ሁሉ ለአንደኛው ወገን ያደሉ ናቸው።

ሦስተኛው ብልጫ ለእኛ ለመምህራን የተለየ ትርጉም አለው። ኪኪ ሞርዲ ትምህርቷን ስትተው በመዝገብ ላይ የሚቀረው ቃል ምን ነበር? «አቋረጠች» የሚል ብቻ ነው። ማንኛችንም በየዓመቱ መጨረሻ ይህንን ቃል በክፍል መዝገብ ላይ እንጽፋለን። ቃሉ ሥራ ፈልጋ የሄደችውንም፣ የታመመችውንም፣ የተዳረችውንም፣ ከመምህር የሸሸችውንም በአንድነት ጠቅልሎ ይይዛል። ፊልሙ ከዚህ ቃል ጀርባ ምን ሊኖር እንደሚችል ማሳየቱ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

ፊልሙ ያለፈው

ፊልሙ በተሠራጨ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሌጎሱ መምህር ከሥራ ታገደ። በ2021 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በፊልሙ ከታዩት መምህራን መካከል ሁለቱን አሰናበተ። በጋና በኩል የተጠቀሱት ሁለት መምህራን የቀረበባቸውን አስተባበሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን የሥነ ምግባር ደንብ ተላልፈዋል በማለት ለወራት ያለ ደመወዝ አግዷቸዋል። የናይጄሪያ ሴኔትም በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ውስጥ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን የሚከለክለውን ረቂቅ ሕግ እንደገና አንሥቶ በጁላይ 2020 አሳለፈው። ረቂቁ አዲስ አልነበረም። በ2016 ሴኔቱ አጽድቆት፣ ከዚያ ወዲያ ሳይራመድ ቀርቶ ነበር። ሴኔቱን ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ጉዳዩ የመለሰው ካሜራው ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል። ይህን ሁሉ ለማምጣት የዓለም አቀፍ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ስውር ካሜራና ብዙ የምርመራ ጊዜ አስፈልጓል። ቃላቸውን የሰጡት ተማሪዎች ግን ከፊልሙ በፊት ዓመታት ያህል በዚያው ግቢ ነበሩ። ለምን ወደ ጋዜጠኛ ሄዱ? ለምን ወደ ዲኑ፣ ወደ ተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ አልሄዱም? ሄደው ከነበረስ ምን ተባሉ? ፊልሙ አንድ አቤቱታ ከተማሪዋ አፍ ተነሥቶ እስከ ውሳኔ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ አያሳየንም። አጥፊውን ያሳየናል፤ አጥፊው ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠበትን ምክንያት ግን ለተመልካች ግምት ይተወዋል።

ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም። ተመልካቹ ፊልሙን ሲጨርስ በልቡ የሚቀረው የአንድ ክፉ ሰው ምስል ነው። ክፉው ሰው ከተባረረ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ወንበሩ እዚያው አለ፤ በሩም እዚያው አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። የዚህ ነገር ሥር ከአንድ ሰው ባሕርይ ይልቅ አቤቱታ የሚሰማበት ሥርዓት መጉደል ነው ብለን እናምናለን። ደግሞም እያንዳንዷ ተማሪ በደብተሯ መካከል ስውር ካሜራ ይዛ ልትሄድ አትችልም። የማይቀረጸው በደል ከሚቀረጸው እጅግ ይበዛል።

ስለ ቃላቱ ጥቂት

ወደ ሥርዓቱ ከመግባታችን በፊት በቋንቋችን ያሉትን ቃላት መመርመር ይጠቅማል። ለዚህ ጉዳይ የተለመደው የአማርኛ ቃል «ትንኮሳ» ነው። ሕጎቻችንም ይህንኑ ይዘዋል። ይሁንና «ተነኮሰ» የሚለው ግሥ በዕለት ንግግራችን የልጆች ጠብን፣ የሰፈር ነገር ፍለጋን የሚያስታውስ ነው። ሁለት እኩዮች ይነካካሉ፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይመልሳል። «ለከፋ» የሚለው ደግሞ በመንገድ ላይ ለምታልፍ ሴት የሚወረወረውን ቃል ይገልጻል። ሁለቱም ቃላት የሥልጣንን ነገር አያመለክቱም። ማርክ የያዘ ሰው ማርክ ከምትጠብቅ ልጅ ገላዋን ሲጠይቅ የሚደረገው ነገር ከመነካካትም ከለከፋም ያልፋል፤ በአደራ የተሰጠን ሥልጣን መሸጥ ነው። ለጉቦ የምንሰጠውን ክብደት ለዚህ መንፈጋችን ከቃሉ መቅለል ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም።

«አድልዎ» የሚለው ቃል በአንጻሩ የዳኝነት ሽታ አለው። ያደላ ዳኛ፣ ያደላ ሚዛን እንላለን። ሁለቱ ነገሮች፣ ትንኮሳና አድልዎ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት እንዲታዩ የሚደረገውም ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም ተማሪን በሥራው መመዘን ሲገባ በሌላ ነገር መመዘን ነው። በአንደኛው ሚዛኑ ገላ ነው፤ በሌላው ደግሞ ዘር፣ ሃይማኖት፣ የአነጋገር ቅላጼ፣ የአካል ጉዳት፣ የመጣበት አገር ይሆናል። የበደሉ መልክ ቢለያይም ተበዳዩ የሚቆምበት ቦታ ያው ነው። ከፊቱ ያለው ሰው ማርኩንም ይይዛል፣ አቤቱታውንም ይሰማል።

ከሕጉ እስከ በሩ

ሕግ የለም ብሎ ማማረር አይቻልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625፣ የሴትን ችግር ወይም በእርሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ለፍትወት የሚጠቀም ሰው በቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አንቀጹ ሥልጣን ያላቸውን ሰዎች ሲዘረዝር አሳዳጊንና አሠሪን ብቻ አይጠራም፤ መምህርንም ይጠራል። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሕግ አውጪው መምህሩን ከነስሙ ጠርቶታል።

ይኸው አንቀጽ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ክሱ የሚንቀሳቀሰው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው። እንግዲህ አቤቱታ ከሌለ አንቀጹ ተኝቶ ይኖራል ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳን ተርጉሞ ከልክሏል፤ ተማሪ ግን ሠራተኛ ስላልሆነች በእርሱ ጥላ ሥር አትገባም። ስለዚህ ተማሪዋ የቀራት ተስፋ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የአቤቱታ በር ነው። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር» የሚለው ብሂል የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። መናገር ዳኛ ከመገኘቱ በኋላ ይመጣል። ዳኛ በሌለበት የተናገረ ሰው ሙሉ ወንዝ ውስጥ እንደገባ ይቆጠራል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ፀረ ወሲባዊ ትንኮሳ ፖሊሲ አውጥቷል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቶች ተቋቁመዋል። ይህ በጎ እርምጃ ነው። ነገር ግን ከፖሊሲው ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2011፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህርት ብሌን ሣህሉና ተማሪዎች «የሎው ሙቭመንት» የተባለውን እንቅስቃሴ ጀምረው ነበር። በግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ከሚያልፍ ከሚያገድመው ተማሪ ጋር ይወያዩ ነበር፤ አበባ ሸጠውም ችግረኛ ሴት ተማሪዎችን ይረዱ ነበር። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። ጠረጴዛው ከፖሊሲው ቀድሟል። ተማሪ በመጀመሪያ የምትፈልገው ልትቀርበው የምትችለውን ሰው ነው። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ደንብ ሰው ካልያዘው ወረቀት ነው።

የፈረንሳይ ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በሜይ 2012 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ የወጣውን የወንጀል ድንጋጌ፣ የወንጀሉ ፍቺ ግልጽ አይደለም በማለት ሻረው። በፍርድ ቤት ተይዘው የነበሩ ክሶችም መሠረታቸው ፈረሰ። አዲስ ሕግ የወጣው በኦገስት ወር ነው። በመካከሉ ባሉት ሦስት ወራት አቤት ባዮቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የቃል አለመጥራት ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በኋላም በ2019 በወጣ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ጭምር፣ የጥቃት፣ የአድልዎና የትንኮሳ ጥቆማ የሚቀበሉበት ሥርዓት እንዲያቋቁሙ ግዴታ ተጣለባቸው። ከጅቡቲ ወደ ፈረንሳይ የሚሄድ ተማሪ በደረሰበት ዩኒቨርሲቲ «የመስሚያ ክፍል» የሚባለውን አገልግሎት ጠይቆ ማወቅ አለበት።

ጅቡቲ ከተማና የመስማት ጥበብ

«የመስሚያ ክፍል» የሚለው ስም ለጅቡቲ ከተማ እንግዳ አይደለም። በ1977 የተመሠረተው የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ኅብረት በ2007 ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች አንድ ክፍል ከፍቷል። ስሙ የመስሚያ፣ የመረጃና የመምሪያ ክፍል ማለት ነው። በ2020 ደግሞ አገሪቱ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ሕፃናት ስለ መጠበቅና ስለ መርዳት ሕግ አውጥታለች።

የክፍሉን ስም ቅደም ተከተል እንመልከት። አስቀድሞ መስማት ነው፤ ቀጥሎ መብቷንና መንገዱን ማስረዳት ነው፤ በመጨረሻ ወደ ሐኪም፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ፍርድ ቤት መምራት ነው። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጡታል። ልጅቱ ገና አፏን ሳትከፍት «ማስረጃ አለሽ? ምስክር አለሽ? በጽሑፍ አምጪ» ትባላለች። አቤቱታው በመጀመሪያው ቀን ከደጃፍ ይመለሳል። ሊማሩበት ለሚፈልጉ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የዚህ ስም ሦስት ቃላት ጥሩ መመሪያ ናቸው።

ጅቡቲ ከተማ ግን የራሷ ችግሮች አሏት። አንደኛው የቋንቋ ነገር ነው። የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ በየቤቱ የሚነገረው ግን ሶማልኛና አፋርኛ ነው፤ በኢትዮጵያውያን ቤት ደግሞ አማርኛና ኦሮምኛ አለ። ሰው ሒሳብን በፈረንሳይኛ ሊማር ይችላል። የደረሰበትን ውርደት ግን በትምህርት ቋንቋ መናገር ይቸግረዋል፤ እንባ የሚመጣው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። በፈረንሳይኛ ተጽፎ ካልቀረበ የማይቀበል ጽሕፈት ቤት ከአቤት ባዮቹ ግማሹን ሳያውቀው ያባርራል። እንዲህ ያለው አሠራር ራሱ አንድ ዓይነት አድልዎ ነው።

ሁለተኛው የከተማዋ ጥበት ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በዚህችው ከተማ ነው። ሰው ከሰው በዘመድ፣ በጋብቻ፣ በሰፈር የተያያዘ ነው። ጠዋት በቢሮ የተነገረ ነገር ከቀትር በኋላ ጫት በሚቃምበት ቤት ሊወራ ይችላል። በሌጎስ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሸሽቶ ወደ ሌላ መሄድ ቢቻል፣ እዚህ ግን የአገሪቱ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ አንድ ነው። ስለዚህ ምሥጢር መጠበቅ በሌላ ቦታ የጨዋነት ነገር ቢሆን፣ በዚህ ከተማ የአገልግሎቱ ዋና ምሰሶ ነው። በወጣቱ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ እንዲህ ያለ አገልግሎት ሁሉ ሊመዘን የሚገባው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ በስንት ቋንቋ ይሰማል? የሰማውንስ ምን ያህል ይጠብቃል?

ስለ መምህሩ ሥጋት

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ መምህራን አንድ ጥያቄ እንደሚያነሡ እናውቃለን። «ማርክ የጎደለባት ሁሉ ብትከሰንስ?» የሚል ነው። ጥያቄው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የመምህር ስም በአንድ ቀን ወሬ ሊጠፋ ይችላል፤ በሐሰት የተከሰሰ ሰው መኖሩም አይካድም።

መልሱ ግን በሩን መዝጋት አይደለም። በሩ በተዘጋ ቁጥር ነገሩ ወደ ሐሜት ይሄዳል፤ ሐሜት ደግሞ ንጹሑንና አጥፊውን አይለይም። በሩ ተከፍቶ ሥርዓት ሲኖረው፣ የተከሰሰው መምህር ክሱን አውቆ፣ መልስ ሰጥቶ፣ ምስክር ጠርቶ፣ በጽሑፍ ውሳኔ ነጻ ሊወጣ ይችላል። በስውር ካሜራ ፊት ለቆመ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ጥሩ የአቤቱታ ሥርዓት ለመምህሩም መከታ ነው።

ለዚህ ሲባል የሥራ ክፍፍሉ መጥራት አለበት። ሰሚው ዳኛ አይሁን፤ ዳኛው የተከሳሹ የቅርብ ባልደረባ አይሁን። ሰሚው አቤት ባይዋን ያምናታል፣ ያጽናናታል፣ መንገዱን ያሳያታል። ዳኛው ግን ሁለቱንም ወገን ይጠረጥራል፣ ይመረምራል። ሁለቱን ሥራዎች ለአንድ ሰው የሰጠ ተቋም ሁለቱንም ያበላሻል። ጉዳዩ በሚመረመርበት ጊዜም የተማሪዋን ፈተና ሌላ መምህር ያርመው፤ ይህ ለተከሳሹም ለከሳሿም ይበጃል። የምርመራው ጊዜ ገደብ ይኑረው፤ ተማሪዋ ተመርቃ እስክትሄድ የሚጎተት ምርመራ ውሳኔ አያስፈልገውምና። ውሳኔውም ለሁለቱም በጽሑፍ ይነገር። ብዙ ጊዜ ለአቤት ባይ የሚቀረው ዝምታ ነው፤ ከዝምታው ደግሞ ሌሎች ተማሪዎች «መናገር ዋጋ የለውም» የሚለውን ትምህርት ይማራሉ።

ከእኛ ክፍል ይጀምራል

እነዚህ ነገሮች የዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደሉም። ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስለ መምህር ያለውን እምነት ከእኛ ክፍል ይዞ ነው። «ጋሼ ያለው ሁሉ ልክ ነው» የሚለውን የተማረች ልጅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ ብቻዋን ስትቀር ከየት አምጥታ «አይሆንም» ትላለች? ለመምህር የሚሰጠው አክብሮት የባህላችን ጌጥ ነው። ይሁንና አክብሮትን ከመገዛት ለይቶ ማስተማር የእኛው የመምህራኑ ድርሻ ነው።

ጥቂት የሥራ ልምዶችን ማሻሻል እንችላለን። ማርክ የተሰጠበትን መንገድ ለተማሪው በግልጽ ማሳየት፣ የታረመ ወረቀት መመለስ፣ ቅሬታ ያለው ተማሪ ሌላ መምህር እንዲያይለት መፍቀድ፣ ተማሪን ለብቻ ስናነጋግር በሩን ክፍት መተው፤ እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም። ማርክ ምሥጢር በሆነበት ቦታ ማርክ ሸቀጥ ይሆናል። ማርክ የተገለጸ ሒሳብ በሆነበት ቦታ ግን የሚሸጥ ነገር የለም።

ለተማሪዎችም የምንለው አለን። ዩኒቨርሲቲ በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ክሊኒኩን ስታጠያይቁ የአቤቱታውን ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ፤ ችግር ሳይደርስ የታወቀ በር ችግር ሲደርስ አይጠፋም። አንድ ነገር ቢደርስባችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የተባለውን ቃል በዚያው ዕለት ጻፉ፤ የመጡላችሁን መልእክቶች አታጥፉ፤ ለምታምኑት ለአንድ ሰው ንገሩ። በሌላው ላይ ሲደርስ ያያችሁ ወንዶች ልጆችም ምስክር መሆን የወንድነት ጉድለት እንዳልሆነ እወቁ። የተበደለ ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ኀፍረቱ የበዳዩ ነው።

በመጨረሻም ወደ ፊልሙ እንመለስ። «ወሲብ ለውጤት» ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ መምህር አስቀድሞ አይቶት፣ ከተማሪዎቹም ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ሊያሳያቸው የሚገባ ሥራ ነው ብለን እንመሰክራለን። ነገር ግን ፊልሙ ሲያልቅ ውይይቱ በአጥፊው ሰው ላይ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ «እርሷ ብትሆኑ ወደ ማን ትሄዱ ነበር?» ተብለው ይጠየቁ። መልስ ካጡ ፊልሙ ያለፈው ነገር ምን እንደነበር በራሳቸው አገኙት ማለት ነው።

ያ ብሂልም ሁለት ክፍል እንዳለው አንርሳ። «ተናገር» የሚለው ለተበዳዩ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ብዙዎቻችንም ተማሪዎቻችንን «ለምን አልተናገራችሁም?» ብለን የምንወቅሰው ይህን ይዘን ነው። «ዳኛ ሲገኝ» የሚለው ግን ለተበዳዩ የተነገረ አይደለም። የተነገረው ለተቋሙ፣ ለአስተዳዳሪውና ለመምህሩ ነው። የመጀመሪያውን ግዴታ ሳንፈጽም ሁለተኛውን ከልጆች መጠየቅ ራሱ ሌላ አድልዎ ነው።